ሦስት ማንኪያ ጥቁር አቼቶ

እናቴ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ሽንኩርት አሳረረች። ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ትልጥ ነበር። ሽታው ከመኝታ ክፍሌ ጠርቶኝ ስመጣ ድስቱ ጠቁሮ፣ ጭሱ ጣሪያ ነክቶ ነበር።

«እማዬ! አረረ እኮ!»

ዞር ብላ አየች። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ምድጃውን አጠፋች፣ ድስቱን ውሃ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አለች።

ሌላ እናት ብትሆን ሐሳብ ነው ብዬ አልፈው ነበር። የእኔ እናት ግን የጎረቤት ወተት ሊገነፍል ሲል በሽታው አውቃ በግድግዳው በኩል የምትጣራ ሴት ነበረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የያዛት ትኩሳት ለቋት ሄዷል፤ ሲሄድ ግን ባዶ እጁን አልሄደም።

እናቴ በአንድ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። በወረቀት ላይ የሶስና የሰላጣ ክፍል ሠራተኛ ናት። እውነተኛ ሥራዋ ግን መቅመስ ነበር። ከዚያ ወጥ ቤት የሚወጣ ነገር ሁሉ በእሷ ማንኪያ በኩል ያልፋል። አብሳዩ ድስቱን ይዞ ይመጣና «ይውጣ?» ይላታል። ትቀምስና ወይ «ይውጣ» ወይ «ይመለስ» ትላለች። በዚህ መካከል ክርክር የለም። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ሚዛን» ነው የሚላት። እኔን እንኳ ሆቴሉ በር ላይ ያሉት ዘበኞች «የሚዛን ልጅ» ይሉኛል።

ሐኪሙ የሽታ ነርቭ ነው አለን። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፤ መድኃኒቱ መታገስ ነው። ምላስ ብቻውን የሚያውቀው ጥቂት ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ በአፍንጫ በኩል ነው የሚመጣው። እናቴ ይህንን በአጭሩ አስቀመጠችው፤ «ጨው፣ ስኳር፣ ኮምጣጣ፣ መራራ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው።»

የሕመም ፈቃዷ የሚያልቅበት ቀን ተቆርጦ ደብዳቤ መጣ። በዚያ ወጥ ቤት ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ከወር በላይ ታሞ የተመለሰ ቀማሽ ማንኪያውን ከመያዙ በፊት ይፈተናል። ሦስት ማንኪያ ባልሳሚክ ይቀርብለታል፤ ያ ከወይን ጭማቂ ተነጥሮ በእንጨት በርሜል የሚያረጅ ጥቁር አቼቶ። አንዱ ማንኪያ የብዙ ዓመቱ ነው፤ አንዱ ደህናው፤ ሌላው ተራ አቼቶ በተቃጠለ ስኳር ጠቁሮ የተሠራ የውሸት ነው። ተፈታኙ ዓይኑ በወጥ ቤት ፎጣ ታስሮ የቱ የቱ እንደሆነ ይናገራል። ካልቻለ ወይ ምድር ቤት ወርዶ ሳህን ያጥባል፣ ወይ ጡረታው ሳይደርስ ቤቱ ይቀመጣል።

ደንቡን ያወጣችው ራሷ እናቴ ናት። «ይህን የለየ ሁሉን ይለያል» ትል ነበር። «ኮምጣጣው አለ፣ ጣፋጩ አለ፣ ፍሬው አለ፣ እንጨቱ አለ። አንድ ማንኪያ ውስጥ አንድ ሙሉ ወጥ ቤት ነው።» ፎጣውንም የጨመረችው እሷ ናት። «በዓይኑ የሚቀምስ ሌባ ነው» እያለች።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሰፈራችን ሱፐርማርኬት የነበሩትን ሦስት ዓይነት ባልሳሚኮች ገዝቼ መጣሁ። እናቴ ሦስቱንም ነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ቀመሰች። በየመካከሉ አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች። እኔ ፊቷን እጠብቃለሁ።

«እ?»

«ኮምጣጣ። ጣፋጭ። ግድግዳ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።» ማንኪያውን እያገላበጠች ቆየችና ድንገት ፊቷ ቀለል አለ። «አቼቶው ነው።»

«አቼቶው ምን ሆነ?»

«አቼቶው ነው የሞተው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጀርባው ላይ ምን ተጽፏል? አንተ እኮ የተማርክ ነህ፤ አንብብልኝ።»

አነበብኩላት። በሦስቱም ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ተራ አቼቶ ነው፤ ከዚያ የስኳር ሽሮፕ፣ ከዚያ ማቅለሚያ። የወይን ጭማቂው ከታች፣ ከማቅለሚያው አጠገብ ተወሽቋል።

«አላልኩህም?» ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «የውሸት ነገር ግድግዳ ቢሆንብኝ ይገርማል? ከጀርባው ምንም የለማ! ደህናውን አምጣልኝና ያን ጊዜ እንተያያለን።»

ልክ ልትሆን ትችላለች ብዬ አሰብኩ። ዛሬም ቢሆን ያንን ማሰቤ ስህተት አይመስለኝም፤ ከውሸት ሦስት ጠርሙስ ተነስቶ ስለ ሰው ምላስ መፍረድ አይቻልም። ደህናው መገኘት ነበረበት።

የሆቴሉ ጠርሙስ በዋናው አብሳይ ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ነው የሚኖረው። ከተማው መሀል ባለው የሀብታሞች ሱቅ ደግሞ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ የአውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ አየሁ። የዋጋ ወረቀቷ ላይ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ የስልክ ቁጥር መስሎኝ ነበር። የእኛ ነገር በዚህችና በሱፐርማርኬቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ መሆን ነበረበት። ችግሩ፣ መካከል የሚባለው ቦታ ባዶ መሆኑ ነው። ለሀብታም የሚሆን አለ፣ ለማያውቅ የሚሆን አለ፤ አውቆ አቅም ላነሰው ግን የሚያስመጣለት ሰው የለም።

ከሥራ እየወጣሁ አንድ ሳምንት ዞርኩ። ጠርሙስ እያነሳሁ ጀርባውን አነባለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። አንዷ ሻጭ ወገቧን ይዛ ስታየኝ ቆየችና «ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው የመጣኸው ልታነብ?» አለችኝ። «ቤተ መጻሕፍቱ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ነው።»

በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ሽማግሌ ጠቆመኝ። ከጎማ ጠጋኞች መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀጭን መተላለፊያ አለ፤ እዚያ መጨረሻ ላይ ሱቅ አላቸው። ዕድሜያቸውን የወይን ጠጅ አስመጪ ዘንድ መጋዘን ጠባቂ ሆነው የኖሩ ናቸው፤ «ጋሽ ቡሽ» ይሏቸዋል። ሱቁ አንድ አልጋ ቢገባበት ለሰው ቦታ አይተርፍም። ጠርሙሶቹ ጀርባቸው ወደ ደንበኛው ዞሮ ነው የተደረደሩት።

«ለምን ፊታቸውን አዞሩት?» አልኳቸው።

«ፊታቸው ላይ የሚጻፈው ውሸት ነው» አሉኝ። «ምን ልስጥህ?»

ነገርኳቸው። ውድ ያልሆነ፣ ውሸትም ያልሆነ።

«ለሰላጣ ነው?»

«ለእናቴ ምላስ ነው።»

ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ከወንበራቸው ስር የተከፈተ ጠርሙስ አወጡና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው አሳዩኝ። ጥቁሩ ፈሳሽ የጠርሙሱን ግድግዳ ይዞ ቀስ እያለ ወረደ።

«ጭማቂው አንደኛ ተጽፏል፤ አቼቶው ሁለተኛ። ሦስተኛ የለም። ብርጭቆውን እንዴት እንደሚይዘው አየህ? ግን ወፍራም ሁሉ እውነተኛ እንዳይመስልህ። በስታርች የሚያወፍሩት አለ፤ እሱ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው የሚወርደው። ይሄ ክር ይሠራል። ሳህን ላይ ስታሳሳው ዳሩ ቀላ ካለ ፍሬ አለው ማለት ነው። ድፍን ጥቁር ከሆነ ስኳር አቃጥለውልሃል። በል ቅመስ።»

ቀመስኩ። «ጣፈጠኝ።»

«ጣፈጠኝ ምን ማለት ነው? ሥራህ ምንድን ነው አንተ?»

«ውሃ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። የቧንቧ ውሃ እንመረምራለን።»

«ታስታውቃለህ» አሉና ያልተከፈተ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። ዋጋው ከሱፐርማርኬቱ በላይ ነበር፤ ግን እንደኔ ያለ ሰው አንድ ሁለት ነገር ትቶ ሊገዛው የሚችል ነበር። ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ። «ይሄኛው እውነተኛ ነው፤ በኔ ይሁንብህ። እናትህ ይሄም ግድግዳ ነው ካሉህ ግን ሌላ አትፈልግላቸው።»

ቤት ስገባ እናቴ ነጩን ሳህን አጥባ፣ ማንኪያውን አጠገቡ አስቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ጠርሙሱን ከፈትኩ። ጠረኑ ክፍሉን ሞላው፤ የደረቀ ፕሪም የሚመስል፣ ከሩቅ የአሮጌ ሣጥን ሽታ ያለበት። እሷ ግን ገና አልተከፈተም ብላ እጄን ነበር የምታየው።

«ክፈተዋ!»

«ተከፍቷል።»

ማንኪያው ላይ ጠብ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተች፣ ዓይኖቿን ጨፈነች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማኛል። ዋጠች። አንድ ጊዜ ደገመች። ከዚያ ማንኪያውን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«አንተ ቅመሰው።»

መዋሸት እችል ነበር። ሽማግሌው አታለሉኝ፣ ይሄም እንደሌሎቹ ነው ብላት ታምነኝ ነበር፤ ማመን ትፈልግ ነበርና። ግን እሷ ቃሌን አልጠበቀችም፣ ፊቴን ነበር የምታየው። ሃያ ሁለት ዓመት የተመጋቢ ፊት በበር ቀዳዳ ስታይ የኖረች ሴት ናት።

«ጥሩ ነው፣ አይደል?» አለች።

«ጥሩ ነው።»

ማንኪያውን ወሰደች፣ አጠበች፣ አደረቀች፣ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠች።

«እንግዲህ አቼቶው አልሞተም» አለች።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ጥቁር ጠብታ። የሱፐርማርኬቱ ሦስት፣ የጋሽ ቡሽ አንድ።

«ሽማግሌው ስለ ክሩና ስለ ዳሩ ያለህን እንደገና ንገረኝ» አለች። «ሳትዘል።»

ገባኝ። ቁጭ አልኩ።

«ፎጣውስ፣ እማዬ?»

«ዋናው አብሳይ አይሸፍነኝም» አለች። ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር የምትናገረው። «ቢላዋ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ያፍራል።»

እኔ በምሠራበት ቦታ ያልለካኸውን ውጤት መዝገብ ላይ መጻፍ ከሥራ ያስባርራል። አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ሲባረር ትክክል ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ያን ቀን ግን ሳህኖቹን እያቀያየርኩ ለእናቴ አቀረብኩ። ማንኪያውን ታዘነብላለች፣ ጠብታው ሲወርድ ታያለች፣ በጀርባው ታሳሳዋለች። መጀመሪያ ተሳሳተች። በማግስቱ ከአሥር ሙከራ ስምንቱን አገኘች። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው አሥሩንም አገኘች። እኔ ጎበዝ አልኳት፤ እሷ አልሳቀችም።

«ልጄ ውሃ ቀጠነ ብሎ እየተጣላ ደሞዝ ይበላል» አለች ሳህኖቹን እያነሳች፤ «እናቱ ደግሞ አቼቶ ወፈረ ብላ።»

የፈተናው ዕለት ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ወደ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድልኝ፣ የቆሸሸ ሳህን ለአጣቢዎቹ በሚወርድባት ትንሽ መስኮት አጠገብ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ ረጅሙን የብረት ጠረጴዛ፣ የተሰቀሉትን መጥበሻዎች፣ የእናቴን ጀርባ አያለሁ። ነጭ ካፖርቷ ሰፍቷታል። ምስማር ላይ ተሰቅላ ትጠብቃት የነበረችውን ማንኪያዋን አውርዳ ይዛለች።

ዋናው አብሳይ ወፈር ያለ፣ ሲናገር ቆቡን የሚነካካ ሰው ነው። ሦስቱን ማንኪያዎች በነጭ ሳህን አቀረበላት። አንዱ ወጣት አብሳይ ፎጣ ይዞ ቀረብ ሲል ቆጣ አለበት፦

«ለማን ነው እሱ? እትዬ ሚዛንን ነው የምትሸፍነው? ወግድ!» ወደ እሷ ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ደንብ ሆኖብኝ እንጂ ይሄ ለእርስዎ አይገባም ነበር።»

«ደንብ ደንብ ነው» አለች እናቴ፤ ፎጣውን ግን አልጠየቀችም።

የመጀመሪያውን ማንኪያ አዘነበለች፣ አየች፣ ቀመሰች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ጊዜ ወሰደች።

«ይሄ የስኳሩ ነው። ይሄ ያረጀው። ይሄኛው ደህናው፤ ምንም አይልም።»

ወጥ ቤቱ አጨበጨበ። «አያችሁ?» ይላል ዋናው አብሳይ ለልጆቹ፤ «አያችሁ ወይ? ሞት መጥቶ ቀምሷት ‹ይመለስ› ብሏት ነው የሄደው!» ሁሉም ሳቀ። እኔም በመስኮቷ በኩል ሳቅሁ። አለቀ ብዬ ነበር።

ያኔ ከወዲያ ምድጃ አንዷ አብሳይ ድስት ይዛ መጣች። ለዓሣ የሚሆን ነጭ የክሬም ሶስ ነው። የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ሥራ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። ድስቱን እናቴ ፊት አስቀመጠችና እንደ ወትሮው ጠየቀቻት፦

«ይውጣ?»

እናቴ ማንኪያዋን ነከረች። አወጣች። አየችው። ነጭ ነው። ክር የለው፣ ዳር የለው። ክሬም ሲበላሽ በዓይን ከመታየቱ በፊት በአፍንጫ እንደሚታወቅ ለእኔ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

«ለማን ነው?» አለች።

«ለረጅሙ ጠረጴዛ። አንድ ቤተሰብ ነው፣ አሥራ አራት ሰው። ሕፃናትም አሉ።»

አፏ ድረስ አደረሰችው፤ ቀመሰች። ቆመች። ልጅቷ ትጠብቃለች። «ይውጣ» ማለት አንድ ቃል ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ሌላ ሰው ይቅመስ» አለች።

ዋናው አብሳይ ቀልድ መሰለውና ሳቀ። «እንዴ! ምን ሆነብዎት?»

እናቴ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ፎጣ አወረደች። በእጇ አጥፋ ራሷ ዓይኗን አሰረች፤ ከኋላ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

«በል፣ የቅድሞቹን እንደገና ስጠኝ። ቀያይራቸው።»

ማንም አልሳቀም። ሰውዬው ሰጣት። አንዱን ቀመሰች፣ ሁለተኛውን ቀመሰች። ሦስተኛውን ሳትቀምስ እጇን ወደ ታች አደረገች።

«የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም» አለች።

ዋናው አብሳይ ቋጠሮውን ራሱ ፈታላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን ወጥ ቤቱ ጸጥ ስላለ ሁላችንም ሰማን። «ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም፣ እትዬ?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ቆቡን ነካካ። «ዝም እል ነበር።»

«ለዚያ ነው።»

የክሬም ሶሱን ራሱ ቀመሰው። ምንም አልነበረበትም። «ይውጣ» አለ፤ ልጅቷም ድስቷን ይዛ ሄደች። ያን ቀን እናቴ አንዲቱን ቃል ብትል ኖሮ ማንም አይታመምም ነበር። ይህንን እሷም ታውቃለች፤ ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ራሷ ነገረችኝ። «ደህና ነበር» አለች፤ «ግን እኔ አላውቅም ነበር።»

ከመውጣቷ በፊት ወደ መስኮቷ መጣች። ማንኪያዋን ወደ ምስማሩ አልመለሰችም። ከቆሸሹት ሳህኖች ጋር በመስኮቷ በኩል አሳለፈቻት፤ ተቀበልኳት፣ ለአጣቢዎቹ ጣሳ ውስጥ ጣልኳት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ምድር ቤት ሥራ ጀመረች። ዋናው አብሳይ ቤቷ እንድትቀመጥ አልፈለገም፤ ያንን ያህል አድርጎላታል፣ ከዚያ በላይ የሚችለው አልነበረም። ማታ ማታ እጆቿ ከውሃው ብዛት ተሸብሽበው ትመጣለች። በላይኛው ወጥ ቤት አሁን ሁሉን የሚቀምስ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም የየራሱን ይቀምሳል። አንዳንድ ሳህን ግማሹ ሳይበላ እንደሚወርድ ትነግረኛለች። ምን እንደጎደለው ግን መናገር አትችልም።

የጋሽ ቡሽ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ወር ያህል ማንም አልነካውም። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ቲማቲም ቆረጠችና ጠርሙሱን አውርዳ የእኔ ሳህን ላይ ጠብ ጠብ አደረገች። የእሷ ላይ ጨው ብቻ።

«ብላ» አለችኝ።

በላሁ።

«ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«ምን እንደሚል።»

«ኮምጠጥ ይላል። ከዚያ ይጣፍጣል።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ?»

ረጅም ጊዜ አላመጥኩ። ሹካዋን አስቀምጣ አፌን ታያለች።

«እንጨት አለው» አልኩ።

«እርጥብ ነው ደረቅ?»

አላወቅሁም። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«እንደገና ቅመስ» አለች።